ድምፅና ምት

(የትምህርት ቤታችንን የ50ኛ ዓመት በዓል ፕሮግራም ለመወሰን በተደረገው የወላጆች፣ የመምህራንና የተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተሰማ ንግግር)

በእጃችሁ ባለው ረቂቅ ፕሮግራም ላይ፣ ከመዘምራኑ መዝሙር በኋላና ከሽልማቱ በፊት፣ «ድምፅና ምት፤ በሁለት ተማሪዎች» የሚል አንድ መስመር ይገኛል። በመስመሩም ትይዩ የጥያቄ ምልክት አለ። ምልክቱን ያደረገው የበዓሉ ኮሚቴ ነው። ትርኢቱ በበዓሉ ቀን ይቅረብ ወይስ ይቅር በሚለው ነገር አባላቱ ስላልተስማሙ፣ እኛ ሁለታችን በዚህ ስብሰባ ፊት ቆመን ነገሩ ምን እንደ ሆነ እንድናስረዳ፣ ከዚያም ሥራውን ራሱን እንድናሰማ፣ ውሳኔው ግን የእናንተ እንዲሆን ተደርጓል። ስለ ተሰጠን ጊዜ ኮሚቴውን ከልብ እናመሰግናለን።

ተቃውሞዎቹ በቀና ልብ የቀረቡ መሆናቸውን እናውቃለን። አንድ አባት «ዘፈን ከሆነ ዘፈን በሉት፤ ቴአትር ከሆነ ቴአትር በሉት፤ ጩኸት ከሆነ ግን በዚያው በሜዳው ይቅር» ብለዋል። ከመምህሮቻችን አንዱ ለትምህርት ቤቱ ፒያኖ ሠግተዋል። አንዲት እናትም «የገዛ ከበሯችን ተቀምጦ ለምን የባሕር ማዶ ሰው ሥራ ይመጣል?» ብለው ጠይቀዋል። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ የሚከብድ ስለ ሆነ ለጊዜው እናቆየውና አስቀድመን ስለ ነገሩ እንናገር።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሁለት ሰዎች ወደ መድረክ ይወጣሉ። አንዱ ድምፁን ብቻ ይዞ ይወጣል፤ ሌላው የሚመታ ነገር ይዞ ይወጣል። ዜማ የሚደግፍ ክራር ወይም ጊታር ወይም ኦርጋን የለም። ድምፅ የያዘው ሰው ሁልጊዜ አይዘምርም፤ አንዳንድ ጊዜ ይናገራል፤ አንዳንድ ጊዜ ያንሾካሹካል፤ አንዳንድ ጊዜም ቃል ሳይሆን ፊደል ብቻ ይጠራል፤ ወይም ሰው ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ ይተነፍሳል። የሚመታውም ሰው ሁልጊዜ አይመታም፤ እጁን አንሥቶ በአየር ላይ ያቆያል፤ ዞር ብሎ ጓደኛውን ይመለከታል። ይህ ሁሉ ደግሞ በዘፈቀደ የሚደረግ አይደለም። መመልከቱም፣ መተንፈሱም፣ እጅን ማቆየቱም በኖታው ወረቀት ላይ ከነልኩ ተጽፎ ይገኛል። በአውሮፓና በአሜሪካ ከሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ይህን የመሰለ ሥራ የሚጽፉ ብዙ ደራሲያን ተነሥተዋል፤ ሥራውንም የሙዚቃ ቴአትር ይሉታል፤ ምክንያቱም ተጫዋቹ በጆሮ ብቻ ሳይሆን በዓይንም እንዲታይ ተብሎ ስለሚጻፍ ነው። ድምፅና ምት ብቻ ይዘው ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ የሚዞሩ ጥንድ ተጫዋቾችም ዛሬ አሉ።

እኛ የመረጥነው ሥራ የአሜሪካዊው የጆን ኬጅ ነው። ኬጅ በ1912 በሎስ አንጀለስ ተወልዶ በ1992 በኒው ዮርክ ዐረፈ። (በዚህ ንግግር የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ይህ ሰው ኋላ በዓለም ሁሉ ስሙ ቢጠራም፣ ወጣት ሳለ ኦርኬስትራ የሚያዝዝበት ገንዘብ አልነበረውም። በ1938 በሲያትል ከተማ ኮርኒሽ በሚባለው ትምህርት ቤት ለዳንስ ተማሪዎች ሙዚቃ እንዲያዘጋጅ ተቀጠረ፤ በዚያም የምት መሣሪያ ብቻ የሚጫወት አንድ ጓድ አቋቋመ። በእነዚያ ዓመቶች ለጻፋቸው ሥራዎች ከበሮና ደወል ብቻ አልበቁትም፤ ባዶ የቆርቆሮ ጣሳና ከመኪና የተፈታ የፍሬን ታምቡር ጭምር ከመሣሪያዎቹ መካከል ገቡ። የእኛ አገር ጋራዦች ያንን ብረት ታምቡር ብለው ሲጠሩት የኬጅን ሙዚቃ የሰሙ አይመስለንም፤ ነገር ግን ስሙን በትክክል አውጥተውለታል።

በ1940 ደግሞ ይኸው ሰው «የሳሎን ቤት ሙዚቃ» የተባለ የአራት ሰዎች ሥራ ጻፈ። ለእርሱ የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች በየቤታችን ያሉ ናቸው። አንዱ ተጫዋች ጋዜጣ ወይም መጽሔት ይመታል፤ ሁለተኛው ጠረጴዛ፤ ሦስተኛው ወፍራም መጽሐፍ፤ አራተኛው ወለሉን ወይም ግድግዳውን ወይም የበሩን እንጨት። ከሥራው አንዱ ክፍል የሚነገር እንጂ የሚመታ አይደለም፤ ቃሉም ገርትሩድ ስታይን ከጻፈችው የልጆች መጽሐፍ የተወሰደ ነው። ይህን ያነሣነው ለምክንያት ነው። ትምህርት ቤታችን ቫዮሊን መግዛት አይችልም። ብዙ ጓደኞቻችን «መሣሪያ ቢኖረን ኖሮ ሙዚቃ እንማር ነበር» ሲሉ እንሰማለን። ጠረጴዛና ወፍራም መጽሐፍ ግን ትምህርት ቤታችን አያጣም፤ ድምፅማ ለእያንዳንዳችን በነፃ ተሰጥቶናል። የጎደለው ገንዘብ ብቻ ከሆነ ይህ ሙዚቃ በዛሬው ቀን ከሁላችንም አቅም በታች ነው።

አሁን ወደ ሥራችን እንመለስ። በ1942 ጃኔት ፌርባንክ የተባለች የሶፕራኖ ዘፋኝ ኬጅን አዲስ ዜማ እንዲጽፍላት ጠየቀችው። እርሱም አየርላንዳዊው ጄምስ ጆይስ በ1939 ካሳተመው «ፊኔጋንስ ዌክ» ከተባለው መጽሐፍ ጥቂት መስመሮችን ወስዶ «የአሥራ ስምንት ጸደይ ድንቅ መበለት» ብሎ የሰየመውን ሥራ ሠራላት። እኛም ዘንድሮ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላን ስለ ሆነ አርእስቱን ባየን ጊዜ ፈገግ አላልንም ለማለት አንደፍርም፤ የመረጥንበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። የጆይስ እንግሊዝኛ እንግሊዞችንም የሚያስቸግር፣ ቃልን ከቃል አጋጭቶ አዲስ ቃል የሚወልድ እንግሊዝኛ ነው። በዚህ ቦታ ያለው ነገር ግን በጥቅሉ ግልጽ ነው፤ ሌሊት ነው፤ ኢሶቤል የምትባል ልጅ ተኝታለች፤ የሚናገረውም ድምፅ ስለ እርስዋ በቀስታ ይናገራል።

ለዘፋኟ የተሰጧት ኖታዎች ሦስት ብቻ ናቸው። ሦስት! በመዝሙር መጽሐፋችን ውስጥ ከሚገኘው ከቀላሉ መዝሙር እንኳ ያነሱ ናቸው። ደራሲው ድምፅዋን ሳታርገበግብ፣ የባላገር ሰው እንደሚዘፍን አድርጋ፣ ለእርስዋ በሚመቻት ዝቅ ባለ ድምፅ እንድታዜም አዝዟል። ሁለተኛው ሰው ፒያኖው አጠገብ ይቀመጣል፤ የፒያኖው ክዳን ግን የተዘጋ ነው። ከሰማንያ ስምንቱ ቁልፎች አንዱም አይነካም። የሚመታው እንጨቱ ነው፤ የፒያኖው ሆድ ከታች፣ የቁልፎቹ ክዳን ፊቱና ኋላው፣ እንዲሁም የላይኛው እንጨት እያንዳንዳቸው በወረቀቱ ላይ የየራሳቸው ቦታ ተሰጥቷቸዋል። የትኛው በጣት ጫፍ፣ የትኛው በጣት አንጓ እንደሚመታ ተለይቶ ተጽፏል። በ1958 በኒው ዮርክ ታውን ሆል አዳራሽ የኬጅ የሃያ አምስት ዓመት ሥራ በአንድ ምሽት በተሰማ ጊዜ ይህ ሥራ ቀርቦ ነበር፤ እንጨቱንም የመታው ራሱ ደራሲው ነበር።

ለፒያኖው ለሠጉት መምህራችን የምንመልሰው እዚህ ላይ ነው። በትር የለም፤ መዶሻ የለም፤ ጥፍርም አይነካውም። የሚመታው ልጅ የእጅ ሰዓቱን አስቀድሞ ያወልቃል። ከዚህም በላይ፣ በአክብሮት እንድንናገር ከተፈቀደልን፣ ያ ፒያኖ ክዳኑ ሲከፈት መሥራት ያቆሙ አሥራ አንድ ቁልፎች ያሉት መሣሪያ ነው። ክዳኑ ሲዘጋ ግን ምንም ጉድለት የለበትም። የጥንት ሰዎች አድርቀው የሠሩት ጥሩ እንጨት ስለ ሆነ ድምፁ የጠለቀ ነው፤ ከታች ሲመታ የሩቅ ከበሮ ይመስላል፤ ከላይ ሲመታ የበር መንኳኳት ይመስላል።

ታዲያ አስቸጋሪነቱ ከምን ላይ ነው? ሦስት ኖታና አንድ የተዘጋ ሣጥን ሦስት ወር ያስለምዳል ወይ? የምትሉ አትጠፉም። በለመድነው ዘፈን ከበሮ የዘፋኙ አሽከር ነው። ዘፋኙ ሲቸኩል ይቸኩላል፤ ሲያዘግም ያዘግማል፤ ዘፋኙ ሲረሳ ደግሞ ስሕተቱን ይሸፍንለታል። በዚህ ሥራ ግን ምቱ ለድምፁ አይታዘዝም፤ ድምፁም በምቱ ላይ አይንተራስም። እያንዳንዱ የራሱን ቍጥር ይቈጥራል፤ እየቈጠረም ሌላውን ይሰማል። ይህ ሲነገር ቀላል ነው። እጅ በተፈጥሮው ድምፅን መከተል ይወዳል፤ ዘፋኟ በአንድ ቃል ላይ ትንሽ ከቆየች እጅም ሳይታዘዝ ይቆያል። ድምፅም በተፈጥሮው መደገፊያ ይፈልጋል፤ ምት ሲመጣ ወዲያው ይጠጋዋል። ሁለቱን እንዲለያዩ አድርጎ አብሮ ማቆም፣ እንደ ሁለት ሰዎች እኩል ሸክም ተሸክመው በጠባብ መንገድ ጎን ለጎን እንደሚሄዱ ነው። አንዱ ቢደገፍ ሁለቱም ይወድቃሉ።

የምቱ ትርጉም ምን እንደ ሆነ ደራሲው አልጻፈልንም። ልጅቱ በተኛችበት ሌሊት ይህ የሚያንኳኳው ማን ነው? ከሁለታችን አንዷ፣ የምታዜመው፣ የቤቱ እንጨት በሌሊት ብርድ ሲንጫጫ የሚሰማው ድምፅ ነው ትላለች። የሚመታው ግን በሩ ላይ ቆሞ ቢያንኳኳ ልጅቱን የሚቀሰቅስ፣ ባያንኳኳ ደግሞ ውጭ የሚያድር ሰው ነው ይላል። እስከ ዛሬ አልተስማማንም፤ አለመስማማታችን ግን ለሥራው የጠቀመ ይመስለናል፤ ምክንያቱም አንዱ የሌላውን አሳብ ተቀብሎ ቢሆን ኖሮ ወዲያው አጃቢው ይሆን ነበር።

ስለ ሌሎቹም ደራሲያን ጥቂት እንበል። ጣልያናዊው ሉቺያኖ ቤሪዮ በ1960 «ክበቦች» የተባለ ሥራ ለአንዲት ሴት ድምፅ፣ ለአንድ በገና መሰል ሃርፕና ለሁለት የምት ተጫዋቾች ጻፈ። ያንኑ ዓመት በነሐሴ ወር በአሜሪካ ታንግልውድ በሚባለው ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዜመችው ካቲ በርበሪያን ነበረች፤ በ1925 ከአርመን ወላጆች በአሜሪካ የተወለደች፣ በ1983 በሮም ያረፈች፣ በጊዜው የቤሪዮ ባለቤት የነበረች ሴት ናት። በዚህ ሥራ ዘፋኟ እንደ ሐውልት በአንድ ቦታ አትቆምም። ሥራው ሲሄድ ከቆመችበት ተነሥታ ወደ መቺዎቹ ትጠጋለች፤ እርስዋም ትንንሽ መሣሪያ ይዛ ትመታለች። የሚያስደንቀው ግን ቃሉ ነው። የኢ. ኢ. ከሚንግስ ግጥም በመጀመሪያ ግጥም ሆኖ ይሰማል፤ ወደ መካከሉ ሲደርስ ቃሉ ተሰባብሮ ፊደል ብቻ ይሆናል። ፊደሉንም መቺዎቹ ይቀበሉታል፤ «ስ» የሚለው ድምፅ ሻሽ የሚል ናስ ይሆናል፤ «ት» የሚለው ድምፅ የእንጨት ምት ይሆናል። ሰሚው ድምፁ የት እንዳበቃና ምቱ የት እንደ ጀመረ መለየት ያቅተዋል።

እኛ ይህን ባነበብን ጊዜ አንድ ነገር አሰብን። ቤሪዮ አማርኛ ቢያውቅ ኖሮ ምን ያደርግ ነበር? በቋንቋችን ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ የሚባሉት ፊደላት ሲነገሩ ጉሮሮ ይዘጋል፤ አየሩ ይታመቅና በድንገት ይፈነዳል። እንግሊዝኛም ጣልያንኛም እነዚህ ፊደላት የሏቸውም። የእኛ አፍ ግን አምስት ከበሮ ይዞ የተወለደ ነው። በሩ ኳ አለ፤ ውሃው ጠብ አለ፤ እንጨቱ ቀጭ አለ እንላለን፤ ነገሩን ከመግለጽ ይልቅ ነገሩን በአፋችን እንመታዋለን። ዝምታን የምንጠራበት «ጸጥ» የሚለው ቃል እንኳ ከሁለት ምት የተሠራ ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት በኋላ ይህን ያስተዋልነው በአንድ ጣልያናዊ ሥራ ምክንያት መሆኑ ያስገርማል።

ወደ ከተማ ብንወጣም ነገሩን እናገኘዋለን። ሊስትሮው እግር እንዲቀየርለት ሲፈልግ አፉን አይከፍትም፤ በብሩሹ ሣጥኑን ኳ ያደርገዋል፤ ባለጫማውም ጋዜጣውን ሳያወርድ እግሩን ይቀይራል። የታክሲው ረዳት ግማሽ ገላውን ወደ ውጭ አውጥቶ የሰፈሩን ስም በራሱ ዜማ ይጠራል፤ ወዲያውም በመዳፉ ቆርቆሮውን መታ ሲያደርግ ሾፌሩ ይነዳል። ድምፅና ምት በአንድ ሰው ላይ! ይህን ሰው መድረክ ላይ አውጥቶ በኖታ የጻፈው ሰው ግን እስካሁን አላገኘንም።

በአንድ ሰው ላይ ስንል ደግሞ ዦርዥ አፔርጊስን መጥራት ይገባናል። በ1945 በአቴና ተወልዶ በ1963 ወደ ፓሪስ የሄደ ግሪካዊ ነው። በ1976 በፓሪስ አጠገብ ባኞሌ በምትባል ከተማ አንድ የሙዚቃና የቴአትር ቤተ ሥራ አቋቋመ። በ1978 ዣን ፒየር ድሩዌ ለሚባል መቺ አንድ ሥራ ጻፈለት፤ ስሙ በእኛ ቋንቋ «ትንቅንቅ» ሊባል ይችላል። ድሩዌ ዛርብ የሚባለውን፣ በጭን ላይ ተጋድሞ በጣት የሚመታውን የፋርስ ከበሮ ተምሮ ነበር። በዚህ ሥራ አንዱ ሰው እየመታ ይናገራል። መጀመሪያ ከቃሉ ቁራጭ ብቻ ይሰማል፤ ሲደጋገም ሌላ ቁራጭ ይጨመርበታል፤ እንዲህ እየሆነ ቀስ በቀስ የአንድ ውጊያ ወሬ ይሆናል። ምላሱ ጣቱን ይቀዳዋል፤ ጣቱም ምላሱን። መጨረሻው ላይ ተጫዋቹ የሚያለከልከው ደክሞት ነው ወይስ ተጽፎለት ነው? መልሱ ሁለቱም ነው፤ በዚህ ሙዚቃ የሰው ድካም አይደበቅም።

አሁን ወደዚያች እናት ጥያቄ እንምጣ። የገዛ ከበሯችን ተቀምጦ ለምን የባሕር ማዶ ሥራ?

እውነት ነው፤ ድምፅን፣ ምትንና የሰውነትን እንቅስቃሴ አንድ አድርጎ የመማር ነገር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የቅዱስ ያሬድን ዜማ የሚያጠኑ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት አቋቋም የሚባለውን ትምህርት ለብዙ ዓመታት ይማራሉ። ዜማው መጀመሪያ በቁም፣ በድምፅ ብቻ ይባላል፤ በዝማሜ መቋሚያው ከድምፁ ጋራ ይወዛወዛል፤ በመረግድ ጸናጽሉና ከበሮው ይገባሉ፤ በጽፋት ምቱ ይፈጥናል፤ ጭብጨባም ይጨመራል። አንድ እርምጃ ወይም አንድ የመቋሚያ ንቅናቄ እንኳ ያለ ሥርዓት አይደረግም። ይህን ያየ ሰው መቺው በኖታ ታዝዞ እጁን በአየር ላይ ቢያቆይ ሊደነግጥ አይገባውም።

ነገር ግን እዚህ ላይ ጥንቃቄ እናድርግ። ያ ጸሎት ነው፤ ይህ ትርኢት ነው። አንዱን በሌላው ቦታ ማቆም ለሁለቱም አይጠቅምም። ከመምህሮቻችን አንዱ በጸሎት ቤታችን ከአርሞንየም በቀር ምት እንደማይሰማ አስታውሰውናል፤ እኛም ይህን ሥራ በጸሎት ቤቱ እናቅርብ አላልንም፤ ቦታው አዳራሹ ነው። ሆኖም 150ኛው መዝሙረ ዳዊት ከበሮንና ጸናጽልን በስማቸው እንደሚጠራ በዚሁ ትምህርት ቤት መማራችንን በትሕትና እናስታውሳለን። ከበሮውን ይዘን የቅኔ ማሕሌቱን ሥርዓት በመድረክ ብንጫወተው ግን፣ ያለ ትምህርቱና ያለ ፈቃዱ የሰው ቤት እንደ መግባት ይሆንብን ነበር። የገዛ ከበሯችንን የተውነው ስለናቅነው አይደለም።

ደግሞም የባሕር ማዶውና የአገር ውስጡ ተገናኝተው የሚያውቁበት ጊዜ አለ። ሐሊም ኤል ዳብ የሚባል ሰው በ1921 በካይሮ ተወለደ። በ1944 በከተማው የሴቶች የዛር ሥርዓት በሚደረግበት ቦታ፣ በብረት ሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀርጽ ከባድ መሣሪያ ይዞ ገብቶ ድምፃቸውን ቀረጸ፤ ከዚያም በራዲዮ ጣቢያ ስቱዲዮ ውስጥ ያንን ድምፅ ለውጦና አስተጋብቶ አዲስ ሥራ አደረገው። በዛር ማመንና አለማመን የዛሬው ጉዳያችን አይደለም፤ ይህ ሥራ ግን በኤሌክትሪክ መሣሪያ ከተሠሩት የዓለም ሙዚቃዎች መካከል ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆኖ ይቈጠራል። ሰውዬው ራሱ ደርቡካ የሚባለውን የግብፅ ከበሮ ይጫወት ነበር። በ1958 ለማርታ ግራሃም የዳንስ ጓድ «ክሊተምኔስትራ» የተባለውን ትልቅ የመድረክ ሥራ ጻፈ። ከዚያስ ወዴት ሄደ? ወደ አዲስ አበባ! ከ1962 እስከ 1964 በዚያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል በነበረው ተቋም አስተማረ፤ በ1963ም ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። ማሲንቆውን፣ ክራሩን፣ በገናውን፣ ዋሽንቱንና ከበሮውን ከየቦታቸው አምጥቶ በአንድ መድረክ አስቀመጣቸው። እነዚህ መሣሪያዎች ቀድሞ በልማድ አብረው የማይጫወቱ ነበሩና በጊዜው ይህም እንግዳ ነገር ነበር። ኤል ዳብ በ2017 በአሜሪካ ኬንት ከተማ ዐረፈ። ያኔ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ በሩን የዘጋ ቢኖር ኖሮ ብለን እናስባለን፤ ከዚህ በላይ አንልም።

ስለ ሣቅ አንድ ነገር መናገር አለብን፤ ትናንት በልምምዱ ላይ የተገኙት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ሣቁ ነው። ሣቅ አልተከለከለም። ካቲ በርበሪያን ራስዋ በ1966 በሥዕላዊ የቀልድ መጽሔቶች ውስጥ የሚጻፉትን የድምፅ ቃላት፣ ግጭቱን፣ ፍንዳታውን፣ የድመቱን ጩኸት ሁሉ ሰብስባ በአንድ ሰው አፍ የሚሰማ ሥራ ሠርታለች፤ ሰው እንዲሥቅ ብላም ነው የሠራችው። አንድ ሰው በክብር ወደ ፒያኖ ቀርቦ ክዳኑን ሲዘጋው ያስቃል፤ እኛንም መጀመሪያ አስቆናል። ሣቁ ሲያልቅ ግን ልጅቱ እንደ ተኛች ናት። ሥራው የሚጀምረው ያን ጊዜ ነውና ያችን ደቂቃ ብቻ እንድትሰጡን እንለምናለን።

ስለ ፈተናም የጠየቃችሁ አላችሁ። የተለማመድነው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው፤ የመንፈቅ ዓመት ውጤታችንም በቢሮው ይገኛል።

የምናሰማችሁ ሥራ ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ይፈጃል። የሚዜመው በእንግሊዝኛ ነው፤ ጆይስን ወደ አማርኛ መመለስ ከእኛ ዕውቀት በላይ ስለ ሆነ አልሞከርነውም። ከሁለታችን አንዷ በፒያኖው ቀኝ ትቆማለች፤ ሌላው በርጩማው ላይ ይቀመጣል። በመካከሉ ዝምታ የሚሰማበት ቦታ አለ፤ ያ ዕረፍት ተጽፎ የተሰጠ እንጂ መጨረሻው አይደለም። መጨረሻው የሚታወቀው የሚመታው ልጅ ሁለት እጁን ከእንጨቱ አንሥቶ በጉልበቱ ላይ ሲያኖር ነው። ድምፅ የምትሰጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ የድምፅ መስጫው ወረቀት በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። በኋላ ያላችሁ ወንድሞቻችን መስኮቶቹን ብትዘጉልን፣ የሜዳው ጨዋታ እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልገንም።